በኬሞ ላይ ያለ ሰው እንዴት ይጹም?

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አዲስ አበባ ውስጥ ለካንሰር ሕሙማንና ለአስታማሚዎቻቸው የተሰጠ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን ዋላችሁ? ሕክምና ላይ ሆናችሁ እዚህ ድረስ የመጣችሁ ሁሉ እንኳን በደህና መጣችሁ። በሩ አካባቢ የቆማችሁ፣ ፊት ለፊት ወንበር አለ። በተለይ በዚህ ሳምንት ኬሞ የወሰዳችሁ፣ እባካችሁ ተቀመጡ። ውኃ ይዞራል፤ እየጠጣችሁ አዳምጡኝ።

ሁዳዴ ሊገባ ነው፤ 55 ቀን። በዚህ ወቅት ከሕሙማን ሁለት ጥያቄ ይመጣል። አንዱ የቆየ ነው፤ «በሕክምና ላይ ነኝና ልጹም ወይስ ልተው?» ይላል። ሁለተኛው ከቲክቶክና ከዩቲዩብ የመጣ ነው፤ «እኔ ብራብ ካንሰሩም ይራባል ወይ?» ይላል። ሁለቱ ጥያቄዎች በአንድ ሰው ውስጥ ሲገናኙ ነው የሚያስፈራው። በእምነቱ መጾም የሚፈልግ ሰው፣ በዚያ ላይ «ረሃብ መድኃኒት ነው» ከተባለ፣ ማን ይመልሰዋል?

ስለዚህ በሦስት ነገር ላይ እናገራለሁ። መጀመሪያ ረሃብ በዕጢው ላይ ምን ያደርጋል የሚለውን እናያለን። ቀጥሎ ጾሙን እንዴት እንያዘው የሚለውን። በመጨረሻ ቤት ውስጥ፣ ማጀት ውስጥ፣ መድኃኒት መያዣው ዘንድ የሚሳሳተውን። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እንጀምር። «ካንሰር ስኳር ይበላል፤ ስኳር ሲያጣ ይሞታል» የሚለውን ያልሰማ እዚህ አለ? የለም። አባባሉ ከባዶ አልተነሣም። ጀርመናዊው ኦቶ ዋርበርግ በ1920ዎቹ የዕጢ ሕዋሳት ግሉኮስን አብዝተው እንደሚወስዱ፣ ኦክስጅን እያለም ወደ ላክቲክ አሲድ እንደሚለውጡት አሳየ። ዛሬ ፔት ስካን የሚባለው ምርመራ የሚሠራው በዚሁ ነው፤ ምልክት የተደረገበት ግሉኮስ በደም ሥር ይሰጥና ብዙ ግሉኮስ የሚወስደው ዕጢ በምስሉ ላይ ያበራል። እስከዚህ ድረስ እውነት ነው። ስሕተቱ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው።

እራት ሳትበሉ ብታድሩ ጠዋት የደም ስኳራችሁ ስንት ይሆናል? ጤነኛ ሰው ከ70 እስከ 100 ነው። በማግሥቱም ባትበሉ ዜሮ አይገባም። ለምን? አንጎል ብቻውን በቀን ወደ 120 ግራም ግሉኮስ ይፈልጋል፤ ሰውነት ደግሞ አንጎሉን አያስርብም። ጉበት መጀመሪያ ያከማቸውን ያወጣል። ያ ክምችት ቢቆይ አንድ ቀን ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ጡንቻ ይፈርሳል፤ የፈረሰው ፕሮቲን ወደ ጉበት ሄዶ ስኳር ይሆናል። ዕጢው ያንኑ ስኳር ከደም ይወስዳል። አሚኖ አሲድና ስብም ይጠቀማል፤ በስኳር ብቻ የሚኖር አይደለም። ታዲያ የተራበው ማን ነው? የተራበው ጭናችሁ ነው። የተራበው ክንዳችሁ ነው። አክታ የምታወጡበት፣ ከአልጋ የምትነሡበት ጡንቻ ነው የተራበው።

ሌላው በስልክ የሚዞረው የኖቤል ወሬ ነው። «አንድ ጃፓናዊ ጾም ካንሰርን እንደሚያድን አረጋግጦ ኖቤል ተሸለመ» ይባላል። ሰውየው ዮሺኖሪ ኦሱሚ ነው፤ በ2016 መሸለሙም እውነት ነው። የተሸለመው ግን ሕዋስ ያረጀ ክፍሉን ሰባብሮ መልሶ የሚጠቀምበትን ሥርዓት፣ አውቶፋጂ የሚሉትን፣ እንዴት እንደሚሠራ ስለገለጠ ነው። ያጠናውም በእርሾ ላይ ነው። የካንሰር ሕመምተኛ አላስጾመም። ደግሞ ይህን ልብ በሉልኝ፦ ሥር የሰደደ ዕጢ ይህንኑ አውቶፋጂ ለራሱ መትረፊያ ሊያደርገው ይችላል። ተመራማሪዎች ሃይድሮክሲክሎሮኪን በሚባል መድኃኒት አውቶፋጂን ለመዝጋት በካንሰር ሕሙማን ላይ የሞከሩት ለዚህ ነው። ስልኩ ላይ ያለው ቪዲዮ ይህን አይነግራችሁም።

«ታዲያ በጾምና በኬሞ ላይ የተደረገ ጥናት የለም ወይ?» ትሉኛላችሁ። አለ። መደበቅም አይገባም። በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የቫልተር ሎንጎ ቡድን በ2008 ባሳተመው ጥናት ለሁለት ቀን ያህል የተራቡ አይጦች ከባድ መጠን ያለው ኬሞ ተሻግረው ቆዩ። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ጤነኛ ሕዋስ ምግብ ሲያጣ መባዛቱን ትቶ ራሱን ይጠብቃል፤ የካንሰር ሕዋስ ግን ማቆም ስለማይችል ለመድኃኒቱ ተጋልጦ ይቀራል። ጥሩ ሐሳብ ነው። በሰው ላይስ? ኔዘርላንድስ ውስጥ የጡት ካንሰር ያለባቸው 131 ሴቶች ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ክፍል ከኬሞው በፊት 3 ቀን እና በኬሞው ዕለት በጣም ጥቂት ካሎሪ ያለው የአትክልት ምግብ ብቻ በላ፤ ሌላው እንደ ወትሮው በላ። ውጤቱ በ2020 ታተመ። ከባድ በሚባለው የጎንዮሽ ጉዳት በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታየም፤ የጾሙት ዴክሳሜታሶን፣ ማለትም ከኬሞ ጋር ማቅለሽለሽን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት፣ ሳይሰጣቸው መሆኑ ግን ይጠቀስ። በምስል ምርመራ ዕጢው የመቀነሱ ነገር በጾሙት ዘንድ የተሻለ ነበር። ይህ ገና የሚጠና ነው፤ ተስፋም አለው። ግን ሁሉንም ዙር በዚያ ጾም የጨረሱት ስንት ናቸው? ከአምስት አንዷ ብቻ። እነዚህ ደግሞ ሲጀምሩ ከሲታ ያልሆኑ፣ በሐኪምና በሥነ ምግብ ባለሙያ በቅርብ የሚታዩ ሴቶች ናቸው።

አንድ ጥናት ልጨምር፤ በጭፍን ጾምን እቃወማለሁ እንዳትሉኝ። በ2016 የታተመ ነው። የመጀመሪያ ደረጃ የጡት ካንሰር ታክመው የነበሩ፣ ስኳር በሽታ የሌለባቸው ከ2,400 በላይ ሴቶች ተከታትለው ታዩ። ከእራት እስከ ቁርስ ከ13 ሰዓት በታች የሚቆዩት ላይ በሽታው የመመለሱ ዕድል ከፍ ብሎ ተገኘ። ይህ የክትትል ጥናት ነው፤ ምክንያቱ ያ ብቻ ነው ብሎ አያረጋግጥም። ሆኖም ሕክምናዋን የጨረሰች፣ ኪሎዋ የተመለሰ ወይም ከልክ በላይ የሆነ እናት ማታ ቀደም ብላ በልታ ጠዋት ዘግየት ብትል ችግር የለውም። እኔ የማወራው በሕክምና ላይ ስላለው ሰው ነው። ሁለቱን አትቀላቅሉብኝ።

አሁን ወደ ሚዛኑ እንምጣ። አንዲት እናት እናስብ። ስትጀምር 60 ኪሎ ናት። ሳታስበው፣ ሳትፈልገው፣ በ6 ወር ውስጥ ከክብደቷ 5 በመቶ ከወረደ ሐኪሞች ካኬክሲያ ለሚሉት፣ በበሽታው ለሚመጣው መሟሟት፣ ከሚያዩት መለኪያ አንዱን አሟልታለች። ለእሷ ያ ስንት ነው? 3 ኪሎ ብቻ። 3 ኪሎ በመስታወት አይታይም። በሌላ ነገር ግን ይታያል፤ ቀለበቷ እጇን ስትታጠብ በሳሙና ይወልቃል፣ የቀሚሷ ወገብ በመርፌ ቁልፍ ይያዛል፣ ከዱካ ስትነሣ መዳፏን ጉልበቷ ላይ ትጭናለች። ይቺ የመጨረሻዋ፣ መዳፍ ጉልበት ላይ፣ ጡንቻ እየሄደ መሆኑን ከሁሉ ቀድማ ትናገራለች። ልጆቿ ግን «እናታችን ደከማት» ብለው ያልፉታል። በሦስት ወር 54 ኪሎ ከገባች 10 በመቶ አጣች ማለት ነው።

ይህ ከሕክምናው ጋር ምን ያገናኘዋል? ብዙ። የአብዛኛው ኬሞ መጠን የሚሰላው በቁመትና በክብደት ነው። ኬሞ በየ3 ሳምንቱ የሚሰጥ ከሆነ፣ ከመድኃኒቱ በኋላ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ገደማ ጀርም የሚዋጋው ነጭ የደም ሴል ይወርዳል፤ ከዚያ ይመለሳል። በደንብ ያልተመገበ ሰውነት ቶሎ አይመለስለትም። ደም ይመረመራል፤ «ሴሉ ዝቅ ብሏል፣ በሳምንት ተመለሱ» ይባላል። በሳምንቱም ካልደረሰ መጠኑ ይቀነሳል። ከክፍለ ሀገር የመጣ ሰው ማደሪያ እየከፈለ ይጠብቃል። ኬሞ የታሰበውን ሥራ የሚሠራው በቀኑና በመጠኑ ሲሰጥ ነው። የአውሮፓ የክሊኒካል ሥነ ምግብ ማኅበር በመመሪያው ላይ ከካንሰር ሕሙማን ሞት ከ10 እስከ 20 በመቶው ከዕጢው ይልቅ በምግብ እጥረት እንደሚመጣ ይገመታል ብሎ ጽፏል። ይኸው መመሪያ ኪሎ እየቀነሰ ላለ ወይም ይቀንሳል ተብሎ ለሚያሠጋ ሰው ምግብን የሚገድብ አመጋገብ እንዳይሰጥ ይመክራል። ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን ከ25 እስከ 30 ካሎሪ፣ ፕሮቲን ደግሞ ከ1 እስከ 1.5 ግራም። 54 ኪሎ ለገባችው እናታችን ከ1,350 እስከ 1,620 ካሎሪ፣ ከ54 እስከ 81 ግራም ፕሮቲን ማለት ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ አሁን እንጠቀምበታለን።

ሁለተኛው ነጥቤ ጾሙ ነው። ጾማችን ሁለት ነገር አለው፤ ዓይነትና ሰዓት። ዓይነቱ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል መተው ነው። ሰዓቱ እስከ ስድስት ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ መቆየት ነው። በሕክምና ላይ ያለን ሰው አብዝቶ የሚጎዳው የትኛው ነው? ሰዓቱ ነው። ደግሜ እላለሁ፤ ሰዓቱ ነው። ዓይነቱን በጥንቃቄ ከያዛችሁት ብዙ ጊዜ መሸከም ይቻላል። እስቲ ይህን በእናታችን ማዕድ ላይ እንየው።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት የአጃ አጥሚት ትጠጣለች። 40 ግራም አጃ፣ ማለትም 4 የሾርባ ማንኪያ ያህል፣ 2 ማንኪያ የኦቾሎኒ ቅቤ፣ 1 ማንኪያ ማር፤ በውኃ ቀጠን ብሎ። ይህ ብቻውን 400 ካሎሪና 12 ግራም ፕሮቲን ነው። ያለ ኦቾሎኒ ቢሆን ወደ ግማሽ ገደማ ይወርድ ነበር። 4 ሰዓት ላይ የሽምብራ ንፍሮ፣ ደረቁ 50 ግራም የሆነ፣ 10 ግራም ፕሮቲን። 7 ሰዓት ላይ የምስር አልጫ በእንጀራ፤ ደረቁ ምስር 60 ግራም፣ 14 ግራም ፕሮቲን፣ ከእሳት ሲወርድ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይጨመርበት፤ ያቺ ማንኪያ ብቻ 120 ካሎሪ ናት። 10 ሰዓት ላይ አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ፣ 30 ግራም፣ 8 ግራም ፕሮቲን፤ ማኘክ ካቃታት ይፈጭላት። ምሽት 1 ሰዓት ሽሮ፣ ከዱቄቱ 50 ግራም፣ 10 ግራም ፕሮቲን፣ አሁንም ዘይት ታክሎበት። ከመኝታ በፊት 3 ሰዓት ላይ በሶ በማር ተበጥብጦ፣ 4 ግራም ገደማ። ደምሩት፦ 58 ግራም ነው፤ የእንጀራው ሲታከል 60ን ያልፋል። ካሎሪውም ይደርሳል። ሥጋ አልነካችም፣ ወተት አልነካችም። ግን ስድስት ጊዜ በልታለች፤ የጀመረችውም ጠዋት 1 ሰዓት ነው።

አሁን ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ትቆይ እንበል። ከዘጠኝ እስከ ምሽቱ ሦስት 6 ሰዓት ብቻ ነው ያለው። ያንን ሁሉ በየሰዓቱ ልትበላ ነው? የሚያቅለሸልሻት፣ ሦስት ጉርሻ ሲበቃት የምትገፋ እናት? አይሆንም። ግማሹን እንኳ አትበላም። በ55 ቀን ይህ ሲደጋገም ነው ፋሲካ ላይ «ምነው እንዲህ ከሳሽ?» የሚባለው። የምግብ ሰዓት ጠብቆ መብላት እንጂ ረሃብ እስኪመጣ መጠበቅ ለዚህ ሰው አይሠራም፤ ረሃቡ ራሱ በበሽታው ጠፍቷልና። በየ2 እና 3 ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ።

ዓይነቱንም መተው የሚያስፈልግባቸው ሰዎች አሉ። ኪሎው ከ5 በመቶ በላይ የወረደ። ቀዶ ጥገና የሚጠብቀው ወይም አሁን የተደረገለት፤ ቁስል በፕሮቲን ነው የሚገጥመው። የምግብ ቧንቧ ካንሰር ይዞት እንጀራ የማያልፍለት። ዳሌ አካባቢ ጨረር የሚወስድ፤ የማሕፀን በር ካንሰር ጨረር ብዙውን ጊዜ 25 የሥራ ቀን፣ ማለትም 5 ሳምንት ይፈጃል፣ አንጀቱም ስለሚቆጣ ተቅማጥ ያመጣል። ለዚህ ሰው ምስሩና ሽምብራው ራሱ ያባብስበታል፤ በተለይ ከነገለባው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ፕሮቲን ነው፣ አንድ ብርጭቆ የፈላ ወተት 8 ግራም፤ ለተቆጣ አንጀት ከባቄላ ይልቅ እንቁላሉ ይቀላል። ወተቱ ግን ተቅማጡን ካባሰው ይቅር።

እዚህ ላሉት አባቶች ልመና አለኝ። ፍትሐ ነገሥት ስለ ጾም ሲደነግግ ሕመምተኛን ከጤነኛ ለይቶ እንደሚያይ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ሕመምተኛው ግን ፈቃድ መጠየቅ ያፍራል። እናቶች በተለይ። «ስንት ዓመት ጾሜ ዛሬ ልገድፍ?» እያሉ ያለቅሳሉ፤ ለሐኪሙም «እየበላሁ ነው» ይላሉ። ስለዚህ እስኪጠይቋችሁ አትጠብቁ። የንስሐ ልጃችሁ ኬሞ ላይ መሆኑን ከሰማችሁ፣ ጾሙ ሳይገባ ጠርታችሁ «አንቺ ዘንድሮ ብዪ» በሏት። ከእናንተ አፍ የወጣች አንዲት ቃል፣ እኛ በወር የምንሰጠውን ምክር ትበልጣለች። ስለ ጠበልም እንዲሁ። አቡነ ጳውሎስ በ2007 ስለ ኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል ሲናገሩ ሁለቱ እንደማይጋጩ በግልጽ ተናግረዋል። ለካንሰር ሕክምናም ይህ ይነገርልን። የምለምነው ሕመምተኛው መድኃኒቱን አቋርጦ እንዳይሄድ፣ የሚጠጣው ውኃም እንዲፈላለት ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሠጋኝ አክፍሎት ነው። ከሐሙስ ወይም ከዓርብ እስከ ትንሣኤ ሌሊት ውኃም ሳይቀምሱ መቆየት። ሲስፕላቲን የሚባለውን መድኃኒት የምትወስዱ አላችሁ? ይህ መድኃኒት ኩላሊትን ይጎዳል። በደም ሥር ብዙ ፈሳሽ ታጅቦ የሚሰጠው ለዚህ ነው፤ ቤት ከገባችሁም በኋላ ለቀናት በቀን 2 ሊትር ያህል መጠጣት አለባችሁ፤ ልብ ወይም ኩላሊት ስላለባችሁ ሐኪም ከገደበላችሁ በስተቀር። ሳይክሎፎስፋማይድም ሳትጠጡ ከቆያችሁ የሽንት ፊኛን ያቆስላል፤ ሽንት ደም ሊመስል ይችላል። በስቅለት ሳምንት ሲስፕላቲን ወስዶ ማክፈል ኩላሊትን አሳልፎ መስጠት ነው። ሙስሊም ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የረመዳን ጾም ውኃም ስለማይጠጣበት ይኸው አደጋ አለበት። በሱረቱል በቀራህ 185ኛው አንቀጽ ላይ ለታመመ ሰው የተሰጠውን ፈቃድ ታውቁታላችሁ። ከዑለማችሁ ጋር ተነጋገሩ፤ ከሐኪማችሁም ጋር።

ጾሙ ሲፈታስ? አባቶቻችን ለመግደፊያ ተልባ ማስቀደማቸው ጥሩ ልማድ ነው። በሕክምና ላይ ያለ ሰው ዶሮውንም ክትፎውንም በአንድ ማዕድ አይብላ። ለ5 ቀን ያህል ምንም ወይም ከምንም የማይቆጠር የበላ ሕመምተኛ ካለ ደግሞ በድንገት ብዙ አታጉርሱት። ምግብ በብዛት ሲገባ ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ከደም ወደ ሕዋስ ይነጉዳሉ፤ ልብ ይዛባል፣ ትንፋሽ ይደክማል። ይህ ሰው ሆስፒታል ውስጥ፣ ቫይታሚን ቢ1 ቀድሞ እየተሰጠው፣ ደሙ እየታየ በጥቂቱ ነው የሚጀምረው። በፍቅር የተሰጠ ሙሉ ሳህን ሰው ይጎዳል።

በዚህ ነጥብ ላይ አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ቫይታሚን ቢ12። በእህልና በአትክልት ውስጥ የለም። አጽዋማቱን ሁሉ የሚጾም ሰው ክምችቱ ሊያንስ ይችላል፤ ጨጓራው የተቆረጠ ሰው ደግሞ ቢበላም በደንብ አይገባለትም። ማነሱ ደም ያሳንሳል፣ እጅና እግር ያደነዝዛል። ፓክሊታክሴልና ሲስፕላቲንም እጅና እግር ያደነዝዛሉ። ሁለቱ ሲደራረቡ «የኬሞው ነው» ተብሎ ይታለፋል። የምትደነዝዙ ካላችሁ ቢ12 ይታይልኝ በሉ።

ሦስተኛው፣ ቤት ውስጥ የሚሳሳተው። መጀመሪያ ጀርም። ነጭ የደም ሴል በሚወርድበት በሁለተኛው ሳምንት ጥሬ ሥጋ የለም፣ ለብለብ ክትፎ የለም፣ ጥሬ ወተትና ከጥሬ ወተት የረጋ እርጎ የለም፣ ተከትፎ የቆየ ሰላጣ የለም። ብርቱካን፣ ሙዝ፣ ማንጎ፣ እጃችሁን ታጥባችሁ ራሳችሁ የላጣችሁት ይሁን። ውኃ ስታፈሉ፣ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃው 100 ዲግሪ ሳይደርስ ነው የሚንተከተከው፤ ስለዚህ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ቴርሞሜትር ቤት ይኑር። 38 ዲግሪ ካለ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ እሑድም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል። ፓራሲታሞል ውጦ ጠዋትን መጠበቅ የለም፤ በዚያ ሌሊት ሰው ሊሞት ይችላል።

አፍ ከቆሰለ፦ 1 ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ። ቤኪንግ ፓውደር አይደለም፤ ልዩነቱን እሽጉ ላይ አንብቡ። በቀን ከ4 እስከ 6 ጊዜ መጉመጥመጥና መትፋት። በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ሎሚ፣ ትኩስ ነገር ይቅር። የኮመጠጠ እንጀራም ያቃጥላል፤ አጥሚት፣ ገንፎ በርዶ፣ የተፈጨ አልጫ ይሻላል። ሲያቅለሸልሽ የታዘዘው መድኃኒት ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይወሰድ። ሽንኩርት የሚቁላላውና ቡናው የሚቆላው ሕመምተኛው ከተኛበት ርቆ ይሁን፤ ብዙ ሰው የሚያስታውከው በጉርሻው ሳይሆን በጭሱ ነው። ምግብ ቀዝቀዝ ሲል ሽታው ይቀንሳል። በኬሞው ዕለት ደግሞ የሚወደውን ምግብ አትስጡት፤ ካስመለሰው ለወራት ይጠላዋል። ተቅማጥ ሲሆን ኦ አር ኤስ፤ ካልተገኘ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 ልክ የሆነ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ከወትሮው በቀን 4 ጊዜና ከዚያ በላይ ከጨመረ ወደ ሐኪም።

የሚዋጡ መድኃኒቶች ሰዓት አላቸው፤ ጾም ሲገባ የሚበላሸው ይህ ነው። ካፔሲታቢን በቀን ሁለት ጊዜ፣ በ12 ሰዓት ልዩነት፣ ምግብ በተበላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይወሰዳል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው የጠዋቱን በምን ይወስደዋል? ወይ ይዘለዋል፣ ወይ በባዶ ሆድ ይውጠዋል። ኢማቲኒብም ከምግብና ከአንድ ትልቅ ብርጭቆ ውኃ ጋር ነው። ለፕሮስቴት የሚሰጠው አቢራቴሮን ደግሞ ተቃራኒ ነው፤ ከመውሰዱ በፊት 2 ሰዓት፣ ከወሰዱ በኋላ 1 ሰዓት አይበላም፤ ከምግብ ጋር ከተወሰደ በደም ውስጥ ያለው መጠን በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ስኳር በሽታ ያለባችሁ፣ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ ወስዶ መጾም ስኳርን አውርዶ ራስን ያስታል።

ቅጠላ ቅጠሉስ? ዝንጅብል በሻይ ለማቅለሽለሽ ጥሩ ነው። «የጊሽጣ ቅጠል ካንሰር ይገድላል» የሚለው ግን ይቁም። በጓዴሎፕ ደሴት ከጊሽጣ ወገን የሆነ ዛፍ ፍሬና የቅጠሉን ሻይ ማዘውተር ፓርኪንሰን ከሚመስል የነርቭ ሕመም ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። በጆንያ የሚሸጠውን፣ ስሙ የማይታወቀውን ዱቄት ደግሞ የሚያጣራው ጉበታችሁ ነው፤ ኬሞውንም የሚያጣራው ብዙውን ጊዜ ያው ጉበት ነው። የምትወስዱት ካለ፣ ዕቃውን ይዛችሁ ለሐኪሙ አሳዩት። አትፍሩ፤ ተቆጥቶ ከሚመልሳችሁ ሐኪም ይልቅ ሳያውቅ የሚያዝላችሁ ያሠጋል።

ለአስታማሚዎች የቀረኝ አለ። እስካሁን «አብሉ፣ አብሉ» አልኩ። ግን በሽታው ገፍቶ፣ ሕክምናው ቆሞ፣ ሰውየው ለመሄድ ሲቃረብ፣ አለመብላቱ የበሽታው እንጂ የእናንተ ጥፋት አይደለም። በዚያን ጊዜ በማስገደድ ኃይል አይመለስም፤ ምግቡ ወደ ሳንባ ሊገባ፣ ሊያስመልሰው፣ ሊያስጨንቀው ይችላል። ከንፈሩን በጥጥ አርጥቡ፤ ከፈለገ አንድ ማንኪያ ውኃ፣ አንድ ጉርሻ ብርቱካን። «ለምን አልበላህም?» ብላችሁ አትከራከሩት። አጠገቡ ተቀመጡ።

አሁን ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ የምታደርጉት ይህ ነው። በሩ ዘንድ ሚዛን አለ። ጫማ አውልቃችሁ፣ ካፖርትና ጋቢ አስቀምጣችሁ ተመዘኑ፤ ቁጥሩን ከዛሬው ቀን ጋር በካርዳችሁ ጀርባ ጻፉ። ከዚያ በኋላ በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት፣ በዚያው ሚዛን። ለቀጣዩ ዙር ስትመጡ ቁጥሩን፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደበላችሁ፣ ምን ያህል ውኃ እንደጠጣችሁ፣ የምትውጡትን መድኃኒትና ቅጠል ሁሉ ጽፋችሁ አምጡ። ከ60 ኪሎ ወደ 57 የወረደ ካለ፣ ቀጠሮውን ሳይጠብቅ ይምጣ። አመሰግናለሁ፤ ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ፣ ከፊት ከተቀመጡት እንጀምራለን።